ጥሩምባው ከክፍል የወጣ ዕለት

በአንድ ጣቴ የሞጣን ገበያ በትኛለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራማ ቢሆን ሌላ የምለው አላጣም ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ ግማሹን ቢቸና፣ ግማሹን ሞጣ። አምና በጡረታ ስሸኝ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ርእሰ መምህሩም መምህር እንደ ሻማ ነው ብሎ ተናገረ። መምህርን ከሻማ ጋር ያላመሳሰለ የሽኝት ንግግር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ተማሪዎቼ ግን አንዲት ፍላሽ በክር አስረው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ውስጧ ልጆቹ በስልካቸው የሠሯቸው ታሪኮች በሙሉ አሉ፤ ፎቶው፣ ድምፁ፣ ሁሉም። ከነዚያ ውስጥ አንዱን በር ዘግቼ ካልሆነ አላሳይም። የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ግን ከቢቸና ካልጀመርኩ ጥፋቴ በደንብ አይገባችሁም።

ቢቸና የተመደብኩ ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ። ክፍል ገብቼ እጮሃለሁ፣ ስወጣ ጉሮሮዬ ይሰነጠቃል። መምህር ልየው የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ አስኳላው የዞሩ። ተማሪ ሲያነብ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ «ተኝተዋል እንዴ?» ቢላቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አንተ በር ላይ ሆነህ ስታዛጋ ሰምቻለሁ» አሉት። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

የሳቸው ትልቁ ልማድ ሌላ ነው። ልጅ ሰሌዳው ፊት አቁመው ያስነብቡና ራሳቸው ሄደው የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ይነሡና በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴም ግቢውን አቋርጠው እስከ አጥሩ ይሄዳሉ። «መምህር፣ የት ነው የሚሄዱት?» ብላቸው፣ «ድምፁ የት እንደሚደርስ ላይ ነዋ» አሉኝ። «ያስተማርሽው እዚያ የደረሰውን ነው። ሌላው ላንቺው ይቅርልሽ።» ልጅ ተረት ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር ይዞ ሲመጣም መጀመሪያ ጥሩ ነው አይሉትም። «ማን ነገረህ? ንገር ብሎሃል?» ነው የሚሉት። እኔ ይህን የሽማግሌ ፈሊጥ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ምነው ባላለፍኩት!

አንድ ዓመት ደግሞ አስተማሪ ከሰማይ ወረደልን። ፕላዝማ የሚባለው ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቀለ። አስተማሪው ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ይላል። ልጆቹ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው አወጡለት። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ነበር የማየው፤ እውነት ለመናገር የራሴን ክፍለ ጊዜ ትቼ የሰው ክፍል መስኮት ላይ እንጠለጠል ነበር። ባሕር አየሁ። ማዕበሉ ሲነሣ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። መምህር ልየው እንደ ልማዳቸው ኋላ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ «ይኼ ሰውዬ መናገር እንጂ መስማት አልተማረም» አሉ። «ኧረ ዓይንዎን ይግለጡ፣ ባሕሩን ይዩት!» አልኳቸው። ገለጡ። ብዙ ጊዜ አዩት። «አጀብ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «እነዚህ ልጆች የራሳቸውን ዓባይ እንዲህ አድርገው የሚያሳዩን መቼ ይሆን?»

እሳቸው ያን ሳያዩ አረፉ፤ እኔ አየሁት። ወደ ሞጣ መዛወሬን የሚፈቅደው ደብዳቤ ሁለት ዓመት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ሲነሣልኝ ሄድኩ። እዚያ ብዙ ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ለሦስት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ላኩኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከአንድ በግ ጋር ተጋፍቼ ደረስኩ። አሠልጣኙ የልጄ እኩያ ነው። «ታሪክ በስልክ ነው የምንሠራው» ሲል፣ እኔ የያዝኩት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለነበር ከቦርሳዬ ለማውጣት አፈርኩ። የሱን አዋሰኝ። ስለ ትምህርት ቤታችን ደወል፣ ስለዚያ ዛፍ ላይ ስለተሰቀለው የመኪና ቸርኬ፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ በድምፄ አነበብኩት፤ ከሥዕሎች ጋር አጋጠመልኝ። ሲከፍተው በስመ አብ አልኩ። ይህቺ ሴትዮ ማን ናት? ዕድሜ ልኬን ስናገር ኖሬ ድምፄን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ተመልሼ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሥር ጀመርነው። ስልክ ያለው ከሌለው ጋር ይጣመራል። ሕጌ አጭር ነበር፤ ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ ሰባት ፎቶ። ሰው ፎቶ ሊነሣ ሲል ለመታወቂያ የሚነሣ ይመስል ስለሚገተር፣ ከእጁ ጀምሩ፣ ፊቱ ኋላ ራሱ ይመጣል እላቸዋለሁ። ክፍሉ ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ ስለዚህ ልጁን ከነስልኩ በጋቢ እንሸፍነዋለን፤ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ያነባል። ዋናው ሕግ ግን ይህ ነው፤ ተናጋሪው ጨረስኩ ሲል መቅጃውን አትዝጉ፣ አምስት ጊዜ ተንፍሱ። ሰው የልቡን የሚናገረው አበቃሁ ካለ በኋላ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከመምህር ልየው የተጨፈነ ዓይን የወሰድኩት ነው።

ቤዛ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ ዝምተኛ፣ ግን ያሰበችውን የማትለቅ። «ቲቸር፣ የኔ ታሪክ ስለ አያ ደምሌ ነው» አለች። አያ ደምሌ የሰፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባቸውን ይዘው በየመንደሩ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚጠሩ። ሕፃናት ሲያዩአቸው ይሸሻሉ። ሱቅ ስኳር ሊገዙ ቢገቡ እንኳ ባለሱቁ ክው ብሎ «ደግሞ ማን ነው?» ይላቸዋል።

ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው ለመቀረጽ እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ግን አስማሉን። «ጥሩምባ ጨዋታ አያውቅም፣ መምህርት። ድምፁ ከክፍላችሁ አራት ግድግዳ እንዳይወጣ።» «በልጆቼ!» ብዬ ማልኩ። ከከተማው ወጥተን ወደ ሸለቆው ወረድን። ጀርባቸውን ለከተማው ሰጡ፣ ቆባቸውን አጠበቁ። ቤዛ «የማንን ስም ይጠራሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የቁም ሰው ስም ብጠራ ሟርት ነው። የሞተውንም አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁ፣ ሁለቴ አይጠራም። የራሴን ልጥራ፤ በራሴ ስም የሚቆጣኝ የለም።»

ነፉት። ጆሮዬ ሳይሆን ደረቴ ነው የሰማው። «ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ደምሌ አርፏልና፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነውና፣ እንዳትቀሩ!» ቤዛ እዚያ ላይ ያነሣችው ፎቶ ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል፤ አላስተካከልነውም። ጨረስኩ ብለው ጥሩምባውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቤዛ እየተነፈሰች ትቆጥራለች። አራተኛው ላይ ለራሳቸው ያህል፣ ቀስ ብለው «ለሁሉ ነፋሁ። እንግዲህ ለነፊው ማን ይነፋለታል?» አሉ። የታሪኩ መጨረሻ ያ ሆነ።

በክፍል አሳየነው። ሰማንያ ዓይን አልተርገበገበም። አንዱ ተረበኛ ልጅ፣ የጥርስ ብሩሽ እንኳ ሲያይ የሚስቅ፣ ራሱን ዴስኩ ላይ ደፋ። እኔ ደግሞ ልቤ አበጠ። እንዲህ ያለ ነገር ለአርባ ልጅ ብቻ? መላው ትምህርት ቤት ይስማው እንጂ! በእረፍት ሰዓት ድምፁን በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ልለቀው ስነሣ ቤዛ ክንዴን ያዘች። «ቲቸር፣ ከክፍል አይውጣ ብለው የለም?» አለችኝ።

«ግቢውም ክፍላችን ነው» አልኳት።

ይህን የተናገረ አፌን ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ! ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ባለፈው ሳምንት ወላጅ ለስብሰባ ሲጠራ ወደ ከተማው ዞሮ ነበር፣ ማንም አልመለሰውም። እኔ የሚኒ ሚዲያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳዳምጠው ድምፁ ቀጭን ነው። ወደ በር አልወጣሁም፣ ወደ አጥር አልሄድኩም። ተጫንኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

ዕለቱ የገበያ ነው። ኋላ እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ጥሩምባው ሲሰማ ገበያው ፀጥ አለ፤ ከዚያ ስሙ መጣ። ጤፍ ሲሰፍር የነበረው ጣሳውን አስቀመጠ፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ክር እንደጎረሰ ትቶ ወጣ። ወደ ባሕር ዳር ሊነሣ የሞላ ሚኒባስ ነበረ፤ ግማሹ ሰው ወረደ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሱቁን ዘጋ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የሚጠራው ራሱ የአያ ደምሌ ድምፅ መሆኑን ያስተዋለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ጥሩምባ ሲነፋ ሰው የሚያዳምጠው ስሙን ነው። የጠሪውን ድምፅ ለካ ያን ሁሉ ዘመን ማንም ሰምቶት አያውቅም!

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ነጭ ሽንኩርት ይሸጣሉ። መደባቸውን ጥለው በአንድ እግር ጫማ ሮጡ። ከሕዝቡ ቀድመው የግቢያቸውን በር ሲበረግዱ፣ አያ ደምሌ መጥረቢያ ይዘው እንጨት ፊት ቆመዋል። ድምፁን እሳቸውም ሰምተዋል፣ ገብቷቸዋል፣ መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነው። እትዬ ብርቄ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ደበደቧቸው። «አንተ ሞተህ የለም እንዴ! ምን ቆመህ ታየኛለህ!» አሉና አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ከኋላ እያለቀሰ የደረሰው ሕዝብ አጥሩ ላይ ተገተረ። እልል ያለም አለ፣ የተሳደበም አለ።

ልጆች ነግረውኝ እየሮጥኩ ስደርስ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ። አያ ደምሌ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «መምህርት፣ አራት ግድግዳ ብዬሽ ነበር» አሉኝ። በቃ፣ ይቺን ብቻ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ስንሻው ሕግ ከተባለ ለእናታቸውም የማይመለሱ ሰው ናቸው። በሐሰት የነፋ ጥሩምባውን ያስረክባል ይላል ደንቡ። እዚያው ሕዝቡ መካከል ቆመው «ማን ነው የነፋው?» ብለው ጠየቁ። እኔ «እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ…» ብዬ ሳልጨርስ አያ ደምሌ «ድምፁ የኔ ነው» አሉ። ቤት ገብተው ጥሩምባውን አምጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ያ ሰው ከዚያ ጥሩምባ ሌላ በከተማው ውስጥ ስም አልነበረውም፤ እኔ ነኝ ያስነጠቅሁት። ትምህርት ቤቱ ስልክ ከለከለ። ቤዛ ከኀፍረት ብዛት መምጣት ተወች። እኔም ክፍል እየገባሁ እንደ ፕላዝማው አስተማሪ ለራሴ እናገራለሁ።

የዕድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ደረሰ። ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። እኔ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ተሸክሜ ሄድኩ፤ ክብደቱ ከድንጋይ አያንስም። ቤዛን ከቤቷ ለምኜ አወጣኋት። በዕድሩ አዳራሽ፣ በድንኳኑና በትልልቁ ብረት ድስት መካከል ቆምኩ። «ጥፋቱ የሳቸውም የልጅቷም አይደለም፣ የኔ ነው» አልኩ። «አይውጣ ብለውኝ አወጣሁት። እስከ አጥሩ ሄጄ ባዳምጥ ኖሮ ወደ ከተማው እንደሚሄድ እሰማ ነበር። መምህሬ አስተምረውኝ ነበር፤ ረሳሁ። አሁን ፈቃዳቸው ከሆነ ታሪኩን እዩትና ፍረዱብኝ።» ዞሬ «አያ፣ ይታይ?» አልኳቸው።

ኋላ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። «አሁን ጠየቅሽ» አሉ። «እዚህም አራት ግድግዳ አለ። ይታይ።»

ነጠላ ግድግዳው ላይ ወጥረን ከፈትነው። የአያ ደምሌ እጆች መጡ፣ የተሰነጣጠቀ ጫማቸው፣ የጎደጎደው ጥሩምባ፣ ማለዳ የሚዞሩበት ጭቃ መንገድ። ጥሩምባው ሲነፋ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ፤ ልማድ ነዋ! ስማቸውን ሲጠሩ እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ያቺ ቀስ ያለች ድምፅ መጣች። «ለሁሉ ነፋሁ። እንግዲህ ለነፊው ማን ይነፋለታል?» ሥዕሉ ጠፋ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ለባላቸው ነው የተናገሩት። «እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ይህን በሆድህ ይዘህ ነው የምትዞረው? ያን ዕለት ስሮጥ እኮ ከኋላዬ የነበረውን ሰው አላየሁም። አንተ ግን ፊት ለፊት ቆመህ አይተኸዋል። ገበያው እንዳለ አልነበረም ወይ የመጣው?»

አያ ደምሌ ተነሡ። «አይቻለሁ» አሉ። «ሰው ሞቶ የማያየውን እኔ በቁሜ አየሁ። ሚኒባስ ውስጥ የነበረ ሰው እንኳ ወርዶ መጥቷል። ተናድጄ ነበር፣ ማርያምን፤ ግን ያን ዕለት ብሞት ደስ ይለኝ ነበር።» አዳራሹ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንዲያ ያለ ነገር አላየሁም። ባሕሩን ፕላዝማው ላይ ሳይ ወደ ኋላ የሸሸሁት አይስተካከለውም።

አቶ ስንሻው ከወንበራቸው ተነሡ። «በሕግ የተወሰደ የሚመለሰው በሕግ ነው። ጥሩምባው ይመለስ የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ። የሁሉም እጅ ወጣ። የሳቸውም ወጥቶ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ስልክ መልሶ ፈቀደ፣ ቤዛም ተመለሰች፤ በክበባችን ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕግ ተጨመረ። ታሪኩን ማንም ከማየቱ በፊት ባለታሪኩ ይየው፤ ድምፅ በማጉያ ሲለቀቅም አንድ ልጅ አጥር ድረስ ሄዶ ያዳምጥ። ልጆቹ ተራ እየገቡ፣ ዓይናቸውን እየጨፈኑ አጥር ሥር ሲቆሙ ሳይ መምህር ልየውን አያለሁ። ቤዛ ዛሬ ራሷ አስተማሪ ናት። ስትደውልልኝ ሰላምታዋ «ቲቸር፣ አጥሩ ድረስ ሄጃለሁ» ነው።

አያ ደምሌ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አረፉ። አቶ ስንሻው ማለዳ ቤቴ መጥተው በሬን አንኳኩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ያ ፍላሽ አለ አይደል?» አሉኝ። «ከተማው በደምሌ በራሱ ድምፅ ይሰናበተው። የሚገባው እሱ ነው።» እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ግን ያ ጥፋት እንዳይደገም «መጀመሪያ እትዬ ብርቄ ይጠየቁ» አልኩ።

ሄድን። እትዬ ብርቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም» አሉ። «ያን ጊዜ ሰምቼው ስሮጥ፣ ቆሞ አገኘሁት። ዛሬ ብሰማው እግሬ ይነሣል። ሮጬ ብደርስ የማገኘው ይመስለኛል።»

አቶ ስንሻው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩምባ አወረዱ፤ ያን አንዴ በሕግ የነጠቁትን። ወጡና ራሳቸው ነፉት። ንፋት አያውቁም፤ ሦስት ቦታ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ከተማው ግን ሰማ። ሱቁም ሚኒባሱም እንደዚያ ቀን ሆነ።

ከአርባው በኋላ እትዬ ብርቄ አንድ ፌስታል ነጭ ሽንኩርት ይዘው ቤቴ መጡ። «አሁን ክፈችልኝ» አሉ። «ላየው አይደለም፤ ድምፁን ብቻ።»

መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ገጠምኩ። ፍላሿን ከአንገቴ አውልቄ ሰካሁ፣ ድምፁን ዝቅ አደረግሁ። ልክ ሲጀምር ተነሥቼ ወጣሁና እስከ አጥሩ ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። የጎረቤት ዶሮ ይሰማል፣ ከመንገዱ ባጃጅ ይሰማል። ከቤቴ ግን ምንም አይሰማም። ተመልሼ አልገባሁም፤ እሳቸው እስኪጠሩኝ ድረስ እዚያው አጥሩ ሥር ቆየሁ።